ቺፑ ፋብሪካ ከመሄዱ በፊት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ስለ ሥራዬ ላወጋችሁ ነው።

ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተርን ስሌት የሚሠራውን ቺፕ፣ ዲዛይን አደርጋለሁ ስል ብዙ ሰው ሽቦ ስበይድ የምውል ይመስለዋል። የምውለው ግን ኮድ ስጽፍ ነው፤ ቬሪሎግ በሚባል ቋንቋ። ያ ኮድ መጨረሻ ላይ ትራንዚስተር፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ ያለ በጣም ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ይሆናል። ዲዛይኑን ለፋብሪካ መላክን ቴፕ አውት እንለዋለን። አፕ ላይ ስህተት ቢገኝ በማግስቱ አፕዴት ይለቀቃል። ቺፕ ግን አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። በማይክሮኮድ፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ ባለ ሊታደስ በሚችል ትንሽ ፕሮግራም፣ የሚታለፍ ስህተት አለ፤ የማይታለፍም አለ።

ለዚህ ነው ቬሪፊኬሽን፣ ማለትም ዲዛይኑን የመፈተሽ ሥራ፣ የሚሠሩ ሰዎችን በጣም የማከብራቸው። እኔ የሠራሁትን ሊሰብሩ ነው የሚመጡት። ጥያቄያቸው አያልቅም። "ሁለቱ ትእዛዞች እኩል ቢደርሱስ? ቺፑን እንደገና የሚያስጀምረው ሪሴት መሀል ላይ ቢመጣስ?" እውነቱን ለመናገር ከኔ ሥራ የነሱ ይከብዳል።

ኢንቴል የሚባለው ኩባንያ የሠራውን የፔንቲየም ፕሮሰሰር ታሪክ ስሙኝማ። በፈረንጆቹ 1994 ነው። ቶማስ ናይስሊ የሚባሉ የሂሳብ ፕሮፌሰር፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ፕራይም ቁጥሮች ላይ ስሌት ይሠሩ ነበር። ውጤቱ አልገጥም አላቸው። ሌላውን ምክንያት ሁሉ አንድ በአንድ ፈትሸው ሲጨርሱ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ ሆኖ ተገኘ። ፔንቲየም ሲያካፍል ከሰንጠረዥ ቁጥር ያነባል። ከ1,066 ቦታዎች አምስቱ ላይ 2 መሆን ሲገባው 0 ገብቷል። 4,195,835ን ለ3,145,727 ስታካፍሉ 1.33382 መምጣት አለበት። ያ ቺፕ 1.33374 ይላል። ኢንቴል መጀመሪያ ጉዳዩን አቃለለው። በዓመቱ መጨረሻ ግን ለጠየቀ ሁሉ እቀይራለሁ አለ። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት።

ልብ በሉ፣ ያ ቺፕ ሳይፈተሽ አልወጣም። ከአምስቱ ቦታዎች አንዱን ነክቶ ውጤቱን የሚያበላሽ ጥንድ ቁጥር ግን ብርቅ ነው፤ ዝም ብሎ በመሞከር አይገኝም። ዲዛይኑ ትክክል መሆኑን በሂሳብ ማረጋገጥ፣ ፎርማል ቬሪፊኬሽን የምንለው፣ ቺፕ ሠሪዎቹ ዘንድ በደንብ ሥር የሰደደው ከዚያ ወዲህ ነው። እኔ በበኩሌ ሙያችን የጎለመሰው ያኔ ነው ባይ ነኝ።

"ከየት ልጀምር?" ለምትሉ ተማሪዎች፦ የ8 ቢት ማካፈያ፣ ማለትም ከ0 እስከ 255 ያሉ ቁጥሮችን የሚያካፍል ዲዛይን፣ በቬሪሎግ ጻፉ። ኮዱን ያለ ቺፕ የሚሞክረው፣ ቬሪሌተር የሚባለው ሲሙሌተር በነጻ ይገኛል፤ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ጥንዶቹ 65,536 ብቻ ስለሆኑ ሁሉንም ሞክሩ። ለዜሮ ማካፈልን እንዳትረሱ። ከዚያ ወደ 64 ቢት አሳድጉት። አሁን ሁሉንም ልሞክር ብትሉ ዕድሜያችሁ አይበቃም። የትኞቹን ጥንዶች እንደመረጣችሁና ለምን እንደመረጣችሁ ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አነብላችኋለሁ።