ሬዚደንቱ ስንት ጥናት አሳተመ? ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል

ሰላም! ዛሬ የምናወራው የቀዶ ሕክምና ሬዚደንቶች፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች፣ ስለሚያሳትሙት ጥናት ነው።

(ስክሪን ላይ፦ ሌሊት፣ የተረኛ ክፍል፣ የታካሚ ካርድ ቁልል)

ተረኛ ሆኖ ያደረ ሬዚደንት አስቡ። ድንገተኛው ጋብ ሲልለት ካርድ እያገላበጠ ለጥናቱ ዳታ ይሞላል። የአንዷ ታካሚ የቀዶ ሕክምና ቁስል አመርቅዞ እንደሆነ ካርዱ ላይ አልተጻፈም። ቦታውን ባዶ ትቶት ያልፋል። ወራት የለፋበት ጥናት እንዲህ ባለ ክፍተት ይሞላል።

ይሄ ስንፍና አይደለም። ለሥራም ለሰብ ስፔሻሊቲም (ከስፔሻሊቲ በኋላ ላለው ጠበብ ያለ ሥልጠና) ሲያመለክት መጀመሪያ የሚታይለት የጽሑፎቹ ብዛት ነው። ስለዚህ ቶሎ የሚያልቀውን ይመርጣል፦ ኬዝ ሪፖርት (ስለ አንድ ታካሚ ሕመምና ሕክምና የሚጻፍ አጭር ጽሑፍ)፣ ወይም ከአንድ ሆስፒታል ካርድ የተለቀመ ጥናት። ኬዝ ሪፖርት ለጽሑፍ ልምምድ ጥሩ ነው፣ አልጠላውም። ግን የትኛው ሕክምና እንደሚሻል አይነግረንም።

ደግሞ ሬዚደንት አንድ ቦታ አይቆይም። በየጥቂት ወሩ ይዘዋወራል። ዓመታት የሚፈጅ ጥናት ጀምሮ እንዴት ይጨርሰው?

እኔን በጣም ደስ የሚለኝ መልስ የመጣው ከራሳቸው ከሠልጣኞቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ ዌስት ሚድላንድስ ያሉ የቀዶ ሕክምና ሠልጣኞች የምርምር ኅብረት አቋቋሙ። አንዱ ሲዘዋወር ጥናቱን እዚያው ላለው ያስረክባል፤ እሱም በሄደበት ሆስፒታል ሥራውን ይቀጥላል። ሮሲኒ የተባለው ጥናታቸው በ21 ሆስፒታሎች 760 ታካሚዎችን አካተተ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ሆድ ሲከፈት የቁስሉን ጠርዝ የሚሸፍነው ፕላስቲክ ኢንፌክሽን ይቀንሳል ወይ?

(ስክሪን ላይ፦ 24.7% እና 25.4%)

አልቀነሰም። ፕላስቲኩ ከተደረገላቸው 24.7 በመቶው፣ ካልተደረገላቸው ደግሞ 25.4 በመቶው ኢንፌክሽን ያዛቸው። ውጤቱ በ2013 ታተመ። "አይሠራም" የሚል መልስም ትልቅ መልስ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሠራል ብሎ ሲጠቀምበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ይሄ አሠራር ድንበር ተሻገረ። በኮቪድ ጊዜ ኮቪድሰርጅና ግሎባልሰርጅ የተባሉ ዓለም አቀፍ የቀዶ ሕክምና ምርምር ኅብረቶች በ116 አገሮች ዳታ ሰብስበው በ2021 ያወጡት አንድ ጽሑፍ 15,025 ደራሲዎች ስለነበሩት ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፈረ።

እዚህ ላይ ቅሬታ አለ፣ ትክክልም ነው። አንድ ጽሑፍ ይህን ያህል ደራሲ ካለው "ስንት አሳተምክ?" ምን ይለካል? ምንም። ስለዚህ አመልካቾችን የሚመርጡት ሰዎች ሌላ ጥያቄ ይጠይቁ፦ አንተ ራስህ ምን ሠራህ? ካርዱ ላይ ያ ቦታ ባዶ ሲሆንብህ፣ ለታካሚዋ ደውለህ ስለ ቁስሏ ጠየቅሃት?