«በሞቴ» ሳትሉኝ

እንደምን ዋላችሁ፣ የእድራችን አባላት። ሰብሳቢያችን ጥቂት ደቂቃ ሰጥተውኛል። ሐኪም አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመት ከስኳር ጋር የኖርኩ ጎረቤታችሁ ነኝ፤ ዓይነት ሁለት ከሚባለው ጋር።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «እንጀራ ትበላለህ?» ብሎ ነው። እበላለሁ። ጤፍ ብረትም ፋይበርም አለው። ግን «ጤፍ ስኳር አይጨምርም» የሚለውን ወሬ አትመኑ። እንጀራም ሆድ ከገባ በኋላ ስኳር ነው የሚሆነው፤ ወሳኙ መጠኑ ነው። እኔ ሳህኑን በዓይኔ ለሁለት እከፍለዋለሁ። ግማሹ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ፎሶሊያ። ሌላውን ግማሽ እንጀራና ምስር፣ ወይም እንጀራና ሥጋ እኩል ይካፈሉታል። ድንች የእንጀራው ወገን ናት፤ ከአትክልት እንዳትቆጥሯት። ይቺ ድንች ስንቱን ሸውዳለች!

ቤቴ ውስጥ ይሄ አይከብደኝም። የሚከብደኝ እናንተ ጋ ነው። አዎ፣ እናንተ ጋ። ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር፣ ክርስትና። «ምነው፣ አልጣመህም?» ይባላል። ቀጥሎ «በሞቴ!» ይመጣል፣ ጉርሻው አፌ ላይ ይደርሳል። አንዱ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። እየማላችሁ ያላችሁት በእናንተ ሞት ነው፤ እኔ የምፈራው ግን የራሴን ነው።

ከዚያ ቡና። ሲኒዋ ትንሽ ናት፣ ግን በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ከገባ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲደመር ስድስት ማንኪያ ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳማ ብቻውን ስምንት የሻይ ማንኪያ ገደማ ስኳር ይዟል። ደግሞ ያለ ስኳር ስጠጣ «ውይ፣ ምስኪን» አትበሉኝ። የቡናን ጣዕም ያወቅኩት አሁን ነው።

አምና በፍልሰታ የሆንኩትን ያየ እዚህ አለ። ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ስኳር የሚያወርድ ኪኒናዬን ውጬ፣ እህል ሳልቀምስ ቅዳሴ ቆምኩ። ስምንት ሰዓት ገደማ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ የሰዉ ድምፅ ራቀኝ። የሰከርኩ የመሰላቸውም ነበሩ። የደሜ ስኳር ሲለካ 58 ሆነ፤ ከ70 ከወረደ አደጋ ነው። አንዲት እናት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው አጠጡኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነፍሴ ተመለሰች። ስኳር መድኃኒቴ የሆነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥፋቱ የጾሙ አይደለም፣ የኔ ነው። ሐኪሜን ሳልጠይቅ ነው የገባሁበት። ዘንድሮ ጾሙ ሳይገባ ሄድኩ፤ የመድኃኒቱን መጠንና ሰዓት አስተካከለልኝ። የንስሐ አባቴም «በሽተኛ አይገደድም» አሉኝ። ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ሁለት እንጀራ በአንዴ መጠቅለልም ሌላ ጣጣ ነው፤ ስኳሩ ሽቅብ ይወጣል።

አብሽና ሽፈራው የምትጠጡ ጠጡ። ግን ኪኒናችሁን በእሱ አትተኩ፤ የምትጠጡትንም ለሐኪማችሁ ንገሩ።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። ድንኳን ውስጥ ከለስላሳው ጎን ውሃ ይቀመጥ። ስኳር ቡናው ውስጥ ቀድሞ አይጨመር፣ ለብቻው ይቅረብ። እንጀራው ለሁለት ተቆርጦ ይምጣ፤ ያልበቃው ይደግማል። ገንዘብ ያዣችን ፊታቸው ሲፈታ አየሁ፤ አዎ፣ ወጪ የለውም። «አልፈልግም» ያለን ሰው ደግሞ አንዴ ብቻ ለምናችሁ ተዉት።

ጸሐፊያችን፣ እባክዎ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።