ከሁለተኛው ኦቦ በፊት

እንደምን ዋላችሁ፣ የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሙዚቃ ክበባችን ልጆች፣ ከሐዋሳው ታቦር ተራራ ወዲህም ወዲያም የመጣችሁ ወዳጆች።

ባለፈው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ተነስቶ ነበር። ክበቡ ያለው ኦቦ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አንድ ነው። የሚነፉት ልጆች ግን ሦስት ሆነዋል። አዋጥተን ሁለተኛ ለምን አንገዛም? ጥያቄው ጥሩ ነው። እኔ ግን አሁን አንግዛ ባይ ነኝ። ምክንያቴን በአጭሩ አስረዳለሁ። በአጭሩ ያልኩትን ግን አትመኑኝ።

ኦቦ ጥቁር፣ ቀጭን፣ ከሩቅ ሲያዩት ክላርኔት የሚመስል መሣሪያ ነው። ቁመቱ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልዩነቱ አፉ ላይ ነው። ክላርኔትና ሳክስፎን አንድ ሪድ፣ ማለትም ሲነፋ እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣ ስስ የሸምበቆ ቁራጭ ነው ያላቸው። ኦቦ ግን ሁለት የተፋቁ የሸምበቆ ቁራጮች ፊት ለፊት ተገጣጥመው ይታሰሩለታል። ትንፋሽ የሚያልፈው በመሐላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት ነው። ታላቅ ወንድሙ ባሱንም እንዲሁ ነው። ስለ ባሱን ዋጋ ግን ዛሬ አላወራም፤ ሰው ደንግጦ እንዳይወጣብኝ።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ለጀማሪ የሚሆን አዲስ ኦቦ በውጭ ገበያ ከ2,000 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ባለሙያ የሚጫወትበት 10,000 ዶላርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በዛሬው ምንዛሪ ማባዛቱን ለእናንተ ትቻለሁ። ግን ይሄ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ወጪ ነው። አንዱ ልጅ ሲያድግ ለቀጣዩ ይተላለፋል።

የማያልቀው የሪዱ ነው። አንድ የተሠራ ሪድ ከ15 እስከ 30 ዶላር ይሸጣል። በየቀኑ ከተነፋ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ ነው። ጫፉ ይደክማል፣ ድምፁ ይሞታል። ልጅ ነውና ጥርሱ ከነካው ወይም ሹራቡ ላይ ከያዘው ደግሞ በዚያው ቀን አበቃ። ለአንድ ልጅ በወር ሁለት ይበቃል እንበል። በዓመት 24 ነው። በርካሹ ዋጋ እንኳ 360 ዶላር ይመጣል። ለሦስት ልጅ ከ1,000 ዶላር ያልፋል። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ኦቦ በሪድ በላን ማለት ነው። ሐዋሳ ውስጥ ገባ ብዬ የምገዛበት ሱቅ ደግሞ አላገኘሁም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ «እባክህ አምስት ሪድ» እንላለን። ዘመድየው ከቀረ ልምምዱም ቀረ።

ሌላም ጣጣ አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዝቅ ባለ አገር የተሠራ ሪድ እዚህ ሲመጣ ይደነድናል። ልጁ ይታገላል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ድምፁ እንቢ ይላል። እኛም ልጁ ሰነፈ እንላለን! አሜሪካ ውስጥ ዴንቨር ከኛ ብዙም የማትርቅ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ያሉ ነፊዎች ለዚህ ሲሉ ሪዳቸውን ቀለል አድርገው ይፍቃሉ። ስለዚህ ውዱን ገዝተንም ከቢላ አናመልጥም።

እስቲ ይህቺን ተመልከቱ፤ ለኋለኞቹም አሳልፉላቸው። 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላት የሸምበቆ ቱቦ ናት። የታወቀው ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ቫር ከሚባለው አካባቢ የሚመጣው ነው። ለሦስት ይሰነጠቃል። ውስጡ ተቦርቡሮ ይሳሳል። ውኃ ውስጥ ይነከርና መሐሉ ላይ ይታጠፋል። ከዚያ ታቹ ቡሽ በለበሰ 47 ሚሊ ሜትር የብረት ቱቦ ላይ በክር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። የታጠፈው ጫፍ ሲቆረጥ ሁለት ምላስ ይሆናል። አሁን ቢላ ይነሳል። ጫፉ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል እስኪቀጥን ይፋቃል። ትንሽ ፋቅ፣ ነፋ፣ ማዳመጥ፣ እንደገና ፋቅ። አንዴ ከበዛ መመለሻ የለውም።

ሸምበቆ እኛስ ጋ መች ጠፋ የሚል አይጠፋም። የኦቦው ሸምበቆ ግን ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ የተቆረጠና በደንብ እንዲደርቅ ረጅም ጊዜ የተቀመጠ ነው። የኛን መሞከር ይቻላል፤ ደስም ይለኛል። የልጆቹን ዓመት ግን በሙከራ አላስይዝም።

መሣሪያው ለምን በፈረቃ እንደሚበቃን ልንገራችሁ። ኦቦ የሚነፋ ሰው ከንፈሩን በላይኛውም በታችኛውም ጥርስ ላይ አጥፎ ነው ሪዱን የሚይዘው። ጀማሪ አሥር ደቂቃ ሲነፋ ከንፈሩ ይዝላል። ትንፋሹም ግራ ያጋባል። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ አየሩ ቶሎ አይወጣም። ዜማው ያልቃል፣ ሳንባ ግን የተቃጠለ አየር እንደሞላ ነው። ልጁ ይህን ሳያወጣ ሌላ ይስባል፤ ከዚያ ይታፈናል። መጀመሪያ ማውጣት፣ ከዚያ መሳብ መልመድ አለበት። እናቶች፣ «ለምን አንድ ሰዓት አትለማመድም?» ብላችሁ አትቆጡት። አሥር ደቂቃ ይንፋ፣ ይረፍ፣ መሣሪያውን ለጓደኛው ይስጥ። ሪዱን ግን አይስጥ፤ ሪድ እንደ ጥርስ ብሩሽ የግል ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፅ የዳክዬ ነው፤ ጎረቤት ይታገሠን።

ስለዚህ የተዋጣው ገንዘብ ቢላ፣ ክር፣ የብረት ቱቦዎችና ሸምበቆ ይግዛ። የመቦርቦሪያው ማሽን ውድ ነው፤ እሱ ይቅርብን። ተቦርቡሮ ቅርጹ ወጥቶ የሚሸጥ ሸምበቆ አለ። ከትልልቆቹ ሁለት ልጆች ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ዘንድ መፋቅ ይማሩ። መጀመሪያ የሚሠሯቸው ሪዶች ይጣላሉ፤ ለሚጣለውም በጀት ይያዝ።

ሁለተኛውን ኦቦ በሚቀጥለው ዓመት እንነጋገርበት። ያኔም ፕላስቲክ ይሁን እላለሁ። እንጨቱ በጠዋት ብርድ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ሲገባበት ሊሰነጠቅ ይችላል። እስከዚያው ያለንን ከመንፋታችሁ በፊት ብብታችሁ ሥር ይዛችሁ አሙቁት፣ ልጆች። ሲነገራችሁ ትስቃላችሁ እንጂ ቀልድ አይደለም።

የምትቃወሙኝ ካላችሁ አሁን ተናገሩ፤ ገንዘቡ ገና ከባንክ አልወጣም። አመሰግናለሁ።