ሽጉጥ ከመምረጥህ በፊት ውሎህን እይ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ እንዴት አመሻችሁ። ከሥራ ወጥታችሁ እራት ሳትበሉ በቀጥታ የመጣችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ሰላምታውን አላበዛም።

እዚህ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ሽጉጥ አያያዝ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ አበሻ ሲደውልልኝ ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ነው፣ “ጋሼ የቱን ልግዛ?” እኔ ደግሞ ሁልጊዜ መልሼ የምጠይቀው “ነገ ጠዋት ከቤት ስትወጣ የት የት ትውላለህ?” ነው። አንዳንዱ ይናደዳል፣ ምን አገናኘው ይላል። ዛሬ የመጣሁት ምን እንደሚያገናኘው ልነግራችሁ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደምትፈሩ አውቃለሁ፣ አልቀልድባችሁም። በ2023 ዲሲ ውስጥ ብቻ ከ900 በላይ መኪና በጉልበት ተነጥቋል፣ ከናንተ ውስጥ የደረሰበት አለ፣ የጓደኛውን ያየ አለ። እኔም ድሮ ሜሪላንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ የሌሊት ካሸር ሆኜ ስሠራ ተዘርፌአለሁ። ሰውዬው በሩን ከፍቶ ሲገባ ሽጉጡ እጁ ላይ ነው፣ ደረቴ ላይ ነው የደገነው። ሁለት መቶ ምናምን ዶላር ነበር፣ ሰጠሁት፣ ሄደ። ከዛ በኋላ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ “ሽጉጥ ቢኖረኝ ኖሮ” እያልኩ አደርኩ። ኋላ ትምህርቱን ስማር ነው የገባኝ፣ በዛች ሰዓት ወገቤ ላይ ሽጉጥ ቢኖርና እጄን ወደዛ ብልክ ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ አላወራችሁም ነበር። የተደገነ ሽጉጥን መዘህ አትቀድመውም። ሽጉጥ የሚጠቅምበት ሰዓት አለ፣ አለ አልዋሽም፣ ግን እኛ ከምናስበው በጣም ጠባብ ነው።

እሺ ወደ ውሎው ልግባ። ከኛ ሰው ብዙው ቤቱ ቨርጂኒያ ነው፣ ሥራው ዲሲ ነው፣ እህቱ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። ለኛ አንድ ከተማ ነው፣ ለሕግ ግን ሦስት አገር ነው ብላችሁ ያዙት። ቨርጂኒያ ውስጥ 21 ዓመት የሞላው ሰው ሽጉጥ ደብቆ ለመያዝ ፐርሚት፣ ማለትም ፈቃድ፣ ሲፈልግ ክላስ ወስዶ ለሚኖርበት ካውንቲ ወይም ከተማ ፍርድ ቤት፣ ሰርኪዩት ኮርት ለሚባለው፣ ያመለክታል፣ ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ ፐርሚቱ 5 ዓመት ያገለግላል። ከ2021 ጀምሮ ክላሱ በአካል ካልሆነ አይቆጠርም፣ ኦንላይን ወስጃለሁ የሚለኝ ሰው እስካሁን አለ፣ አይሠራም። ይሄን ፐርሚት ኪስህ ይዘህ 14ኛ ስትሪት ድልድይን ስትሻገር ግን ወረቀቱ ውሃው ላይ ቀረ ማለት ነው። ዲሲ የሌላ ስቴት ፐርሚት አይቀበልም፣ የራሱን ላይሰንስ ነው የሚጠይቅህ፣ ለዛ 16 ሰዓት ክላስና 2 ሰዓት ሬንጅ፣ ማለትም የተኩስ መለማመጃ ቦታ ላይ ልምምድ፣ አለው፣ ሽጉጡም ፖሊስ ጋ ካልተመዘገበ አይሆንም። በውድሮ ዊልሰን ድልድይ ወደ ሜሪላንድ ብትሻገርም ያው ነው፣ ሜሪላንድም የማንንም አይቀበልም፣ ከስቴት ፖሊስ የራሱን ታወጣለህ፣ እሱም 16 ሰዓት ክላስ አለው። ድሮ ሜሪላንድ “ለምን ፈለግከው” ብሎ በቂ ምክንያት ካላገኘ አይሰጥም ነበር፣ በ2022 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኒውዮርክን ተመሳሳይ ሕግ ከሻረ በኋላ ነው ይሄ የቀረው። ስለዚህ አሁን መንገዱ ክፍት ነው፣ ማውጣት ይቻላል፣ ግን ሦስቱንም ለየብቻ ነው የምታወጣው።

“እኔ እኮ የማልፈው ብቻ ነው” የሚል አለ። የ1986ቱ የፌደራል ሕግ የሚያሳልፍህ ሽጉጡ ጥይት ከሌለበትና ከእጅህ ርቆ፣ ለምሳሌ ትራንክ ውስጥ ከተቆለፈ ነው፣ መነሻህም መድረሻህም መያዝ የሚፈቀድልህ ቦታ መሆን አለበት። ዲሲ ገብቶ ፓሴንጀር እያነሱ መዋል ማለፍ አይባልም።

አሁን የምናገረውን እባካችሁ አዳምጡኝ፣ ሌላውን ብትረሱ ይሄን አትርሱ። ግሪን ካርድ ያላችሁ ሽጉጥ መግዛት ትችላላችሁ፣ ሕጋዊ ነው። ነገር ግን በሽጉጥ ወንጀል ከተፈረደባችሁ፣ ያለ ላይሰንስ ይዞ መገኘትም ይሁን፣ የኢሚግሬሽን ሕጉ ከአገር የሚያስባርር ወንጀል ይለዋል። ለዜጋ ቅጣት የሆነው ላንተ ልጆችህን ትተህ መሄድ ሊሆን ይችላል። በአንድ ድልድይ ምክንያት! ሱቅ ውስጥ የምትሞሉት 4473 የሚባለው ፎርም ላይ ደግሞ ዜግነት ይጠይቃል፣ ተቻኩላችሁ ሳታነቡ ዜጋ ነኝ ብላችሁ እንዳትሞሉ፣ እሷ አንዷ ምልክት ራሷን የቻለች መዘዝ ናት። ማሪዋናም ይጠይቃል፣ ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ፈቅደዋል ብላችሁ እንዳትሸወዱ፣ ፎርሙ የፌደራል ነው። ጫት የምትቅሙም ካላችሁ ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌደራል ሕግ ክልክል ዕፅ ነው። በቤት ውስጥ ጠብ የተፈረደበት ሰው፣ ጥፋቱ ትንሽ የሚባለው ዓይነት እንኳ ቢሆን፣ ሽጉጥ መያዝ አይችልም፣ ይሄ ከ1996 ጀምሮ ያለ ሕግ ነው፣ ልክም ነው እላለሁ።

ኡበርና ሊፍት ለምትሠሩ አጭር ነው፣ ሁለቱም ካምፓኒዎች ሾፌሩም ተሳፋሪውም ሽጉጥ እንዳይዝ ይከለክላሉ፣ ከተገኘብህ አካውንትህ ሊዘጋ ይችላል። ሬገንና ደለስ ኤርፖርት ተርሚናል ውስጥ ፐርሚት ቢኖርህም ቨርጂኒያ ይከለክላል። የትምህርት ቤት ግቢ፣ የፌደራል ሕንፃ፣ ፖስታ ቤት፣ አይሆንም። አበሻ ሬስቶራንት ሄደህ ጥብስ መብላት ይቻላል፣ ግን ሽጉጡን ደብቀህ ይዘህ አንድ ቢራ እንኳ ከጠጣህ በቨርጂኒያ ሕግ ወንጀል ሠርተሃል።

ታዲያ አንዱ ሹፌር ወንድሜ ይሄን ሁሉ ቆጥሬለት “እና መቼ ነው የምይዘው?” አለኝ። ቆጠርን። ከሳምንቱ ውስጥ የተረፈው እሁድ ከሰዓት ብቻ ሆነ። ለሱ የመከርኩት ዳሽ ካሜራ፣ የሚቆለፍ በር፣ ማታ መብራት ያለበት ቦታ መቆም ነው፣ ሽጉጥ አይደለም። ብዙዎቻችሁም እንደሱ ናችሁ፣ እውነቱን ነው የምነግራችሁ። መኪናውን ከፈለጉ ስጧቸው። በ2021 መጋቢት ላይ ዲሲ ቤዝቦል ስታዲየሙ አጠገብ ምግብ የሚያመላልስ አንድ ፓኪስታናዊ አባት መኪናው ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ይዘውት ነድተው ሞተ፣ የነጠቁት የ13ና የ15 ዓመት ልጆች ነበሩ። እሱን ሰውዬ ባሰብኩ ቁጥር እኛን ነው የማየው። መኪናህን ይዞ በሚሸሽ ሰው ጀርባ ላይ ብትተኩስም ነፍስ አዳንክ አይባልም፣ ለንብረት ሰው መግደል ሦስቱም ቦታ አይፈቀድም።

አሁን ለሚመቸው ሰው ልናገር። ቨርጂኒያ ውስጥ የራሱ ሱቅ ያለው፣ ወይ ሌሊት ከሥራ ወጥታ ብቻዋን ፓርኪንግ የምታቋርጥ፣ ወይ የሚያስፈራራት ሰው ያለ እህት። ለናንተ ምርጫው እንዲህ ነው። በጥይት 9 ሚሊሜትር ይበቃል፣ ኤፍቢአይ ራሱ ወደ ትልቁ ከሄደ በኋላ ተመልሶ የመጣው ወደዚሁ ነው፣ ጥይቱም በየሱቁ አለ። ሴት ስለሆነች ትንሿን ስጧት የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትስሙት፣ ሽጉጥ ባነሰ ቁጥር እጅ ላይ ይዘላል፣ ያምማል፣ ያመመ ነገር ደግሞ አይለመድም፣ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቀረው። ሪቮልቨር፣ ጥይቱ የሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚገባው፣ ቀላል ነው፣ ጥይት አይነክስም፣ ግን ትንሹ 5 ጥይት ነው የሚይዘው ምላጩም ከባድ ነው፣ ጣቱ የደከመ ሰው አይሆነውም። ግሎክ 19 የሚባለው 15 ጥይት ይጎርሳል፣ ጥሩ መሣሪያ ነው እኔም አለኝ፣ ግን ቀጭን ሰው ሸሚዝ ስር ያስታውቃል። ከ2018 ወዲህ እንደ ሲግ ፒ365 ያሉ ትንንሾች መጥተው 10 ጥይት እየያዙ ወገብ ላይ አይታወቁም፣ ብዙ ተማሪዎቼ እዛ ላይ ነው የሚያርፉት። ግን እኔ ስላልኩ አትግዙ። ሬንጅ ላይ ያከራያሉ፣ ሦስት አራቱን ተኩሳችሁ እዩ፣ እጀታው መዳፋችሁን ሞልቶ ጣታችሁ ምላጩ ጋ ሳይንጠራራ መድረስ አለበት፣ ከላይ ያለውን ብረት ደግሞ ስባችሁ ማቀባበል ካቃታችሁ እሱ የናንተ አይደለም።

ሽጉጡ ላይ 600 አውጥቶ ሆልስተሩን፣ ማለትም የሽጉጡን አፎት፣ የ15 ዶላር ጨርቅ የሚገዛ ሰው ያሳዝነኛል። ሆልስተር ጠንካራ ሆኖ ምላጩን ሙሉ በሙሉ መሸፈን አለበት፣ ከጠንካራ ቀበቶ ጋር። ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር፣ ሱሪ ውስጥ እንዲሁ ሸጉጦ መሄድ፣ በዚህ ነው ባረቀብኝ የሚባለው። ቦርሳ ውስጥ አይመከርም፣ ቦርሳ ይቀመጣል፣ ይረሳል፣ ልጅ ማስቲካ ፍለጋ ይከፍተዋል። አበሻ ቀሚስ ለብሳችሁ ሰርግ ስትሄዱ ደግሞ ቀበቶ የለም፣ የዛን ቀን ቤት ተቆልፎ ይቀመጥ፣ በቃ። ስታወልቁ ሁልጊዜ ካዝናው፣ ጥይቱን የሚይዘው፣ ቀድሞ ይውጣ፣ ከዛ ነው የምታቀባብሉት፣ ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ካዝናው ወጥቶም አንዷ ጥይት ጎርሳ ትቀራለች፣ “ባዶ መስሎኝ” የሚባለው ሰው የሚሞተው በሷ ነው።

አባቴ ጎጃም ምንሽር ነበረው። እኛ አገር መሣሪያ የሚያዘው እንዲታይ ነው፣ ሰርጉም ላይ ለቅሶውም ላይ ትከሻ ላይ ነው፣ የወንድ ክብር ነው። ያንን አልንቅም፣ ያደግኩበት ነው። እዚህ ግን ተቃራኒው ነው፣ ማንም ማወቅ የለበትም፣ ጓደኛህም። ቲክቶክ ላይ ሽጉጥ ይዛችሁ የምትነሱ ልጆች ለሌባ አድራሻ እየሰጣችሁ ነው።

ስለ ሌባ ካነሳሁ የራሴን ልናገር፣ ከብዶኝም ቢሆን። ከዓመታት በፊት አንድ እሁድ ቤተክርስቲያን ልሳለም ስል ሽጉጤን ግላቭ ቦክስ ውስጥ ትቼ ገባሁ። ቅዳሴ ወጥቼ ስመለስ መስታወቱ ተሰብሯል፣ ሽጉጡ የለም። ለፖሊስ አመለከትኩ፣ ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ በ48 ሰዓት ማመልከት ግዴታ ነው። እስከ አሁን አልተገኘም። ማን እጅ እንደገባ፣ ምን እንደተሠራበት አላውቅም፣ የሆነ ቦታ ልጅ ተገደለ የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር የኔ ይሆን እላለሁ። መኪና ካዝና አይደለም ወገኖቼ። የግድ መተው ካለባችሁ ወንበር ስር በሽቦ የታሰረ የብረት ሳጥን አለ፣ ብዙ አያስወጣም።

ፖሊስ ሲያስቆማችሁ ሁለት እጅ መሪው ላይ፣ የውስጥ መብራት ይብራ፣ “ፐርሚት አለኝ፣ ሽጉጥ ይዣለሁ፣ እንዴት ላድርግ?” በሉ፣ ዲሲ ውስጥ መናገር ግዴታ ነው። እስኪነግራችሁ ድረስ ወደ ኪስ ወደ ወረቀት እጅ አትላኩ። ፊላንዶ ካስቲል የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ በ2016 ሚኒሶታ ፐርሚት ኖሮት፣ በትህትና ተናግሮ፣ መኪናው ውስጥ ተገደለ። የተኮሰው ፖሊስ በነፃ ወጣ። ጥቁሮች ነን፣ እንግሊዝኛችንም ሲደነግጥ ይጠፋል፣ ስለዚህ አረፍተ ነገሯን ቤት ውስጥ ጮክ ብላችሁ ተለማመዷት።

የመጨረሻው ስለ ቤት ነው። በዚህ አገር በ2022 በመሣሪያ ከሞቱት ከ48,000 በላይ ሰዎች ከ27,000 በላይ የሚሆኑት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። እኛ ይሄን አናወራም። ለቅሶ ቤት “በድንገት” ተብሎ ይታለፋል። ብቻውን የሚኖር፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ከትዳሩ የተለየ፣ የአገር ቤት ዜና እንቅልፍ የነሳው ወንድም ስንት አለ እዚህ? ቤትህ ውስጥ እንደዚህ የከፋው ሰው ካለ፣ ወይ ራስህ ከሆንክ፣ ሽጉጥ አትግዛ፣ ካለህም ለጊዜው ከቤት ይውጣ፣ እንዴት እንደሚደረግ እኔን ጠይቀኝ፣ ማንም አይሰማም፣ በሌሊትም ደውል። ራስን ማጥፋት ለሚያስብ ሰው እርዳታ የሚሰጠው 988 ላይም መደወል ይቻላል። ልጆች ያሉባችሁ ደግሞ ቁም ሳጥን አናት ላይ መደበቅ መቆለፍ አይደለም፣ ልጅ የማያውቀው ቦታ ቤት ውስጥ የለም።

ሕጉ በየዓመቱ ስለሚነካካ ከመታጠቃችሁ በፊት የየስቴቱን እንደገና እዩ፣ ግሪን ካርድ ያላችሁ ጠበቃም ጠይቁ። ቅዳሜ ጠዋት 9 ሰዓት ላይ፣ በአሜሪካ ሰዓት ማለቴ ነው፣ ሬንጅ አለን፣ አሥር ሰው መውሰድ እችላለሁ፣ ስማችሁን በሩ ጋ ያለው ወረቀት ላይ ጻፉ። ምንም ሳትገዙ ኑ፣ የሳምንት ውሏችሁን ግን በወረቀት ጽፋችሁ አምጡልኝ፣ ከሱ ነው የምንጀምረው።