የናቅፋ ሳንቲሞችን ለሚሰበስቡ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ዛሬ ስለ ኤርትራ ገንዘብ፣ ስለ ናቅፋ ሳንቲሞች ከቀረቡልን ጥያቄዎች አራቱን እመልሳለሁ።

ከደሴ የደወሉ አድማጭ፦ «ዘመዴ ከአስመራ ያመጣልኝ ሳንቲም 1997 ይላል። ናቅፋ የወጣው ግን በ1990 ነው ይሉኛል። ሐሰተኛ ይሆን?»

አይስጉ፣ ሁለቱም ልክ ነው። የኤርትራ ሳንቲም ዓመቱን የሚጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ናቅፋ ሥራ ላይ የዋለው በኅዳር 1997 ሲሆን፣ በእኛ ጥቅምት 1990 መጨረሻ ላይ ይውላል። እስኪ ከአሮጌ የኢትዮጵያ ሳንቲሞች አንዱን አጠገቡ ያስቀምጡት፤ ፲፱፻፷፱ የሚል በግእዝ ቁጥር ያገኙበታል።

ይህን ካነሳን፣ ብዙ ሰብሳቢ የሚዘለው ነገር አለ። ኤርትራ ነጻነቷን ያወጀችው በእኛ ግንቦት 16 ቀን 1985 ነው። ከዚያ በኋላ ከአራት ዓመት በላይ በገበያዋ ይዘዋወር የነበረው ብር ነው። አዲሲቱ አገር ነጻ በወጣችበት ማግሥት አስመራ ላይ ዳቦ የተገዛው በእነዚያው ባለ አንበሳ የኢትዮጵያ ሳንቲሞች ነው። ስለዚህ አልበምዎ ከናቅፋ ሳይሆን ከ፲፱፻፷፱ ሳንቲም ቢጀምር ታሪኩ ሙሉ ይሆናል።

ከአዳማ፦ «ሙሉው ስብስብ ስንት ነው? ውድ ነው?»

ስድስት ነው። ባለ 1 ሳንቲሙ ሚዳቋ፣ ባለ 5 ነብር፣ ባለ 10 ሰጎን፣ ባለ 25 የሜዳ አህያ፣ ባለ 50 አጋዘን፣ ባለ 100 ደግሞ ዝሆን ከግልገሏ ጋር አለበት። ትልቁ አንድ ናቅፋ ሳይሆን «100 ሳንቲም» ተብሎ ነው የተጻፈበት፤ ሻጭ «አንድ ናቅፋ» ሲልዎት ግራ አይጋቡ። በስድስቱም ጀርባ ተዋጊዎች ባንዲራ ሲተክሉ ይታያል፤ በእንግሊዝኛም ነጻነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ የሚሉ ቃላት አሉበት። የገንዘቡ ስም ራሱ ከጦርነቱ የመጣ ነው። ናቅፋ በሳህል ተራሮች ላይ ያለች፣ በከባድ ድብደባ የፈራረሰች፣ ተዋጊዎቹ ግን ለዓመታት ያልለቀቋት ከተማ ናት።

ውድ አይደሉም። ለገበያ በብዛት የተሠሩ ናቸው። «ብርቅ ነው» ብሎ ዋጋ የሚቆልል ሻጭ ካጋጠመዎት ትተውት ይሂዱ። እኔ ብሆን ሁለት ስብስብ እይዛለሁ፤ አንዱ ያልተነካ አዲስ፣ ሌላው በሰው እጅ ዞሮ የፈዘዘ። የምወደው ሁለተኛውን ነው፤ የስንት ሰው ጣት እንዳረፈበት ያሳያልና።

ከቨርጂኒያ፦ «1993 የሚል፣ በዶላር የተጻፈ የኤርትራ ሳንቲም ገዛሁ። የመጀመሪያው ገንዘባቸው ነው ብለውኛል።»

ይህን የነገረዎት ሰው ተሳስቷል። በዚያ ዓመት፣ በእኛ 1985 ገደማ፣ ኤርትራ ውስጥ የሚሠራው ብር ነበር፤ በዶላር የተገበያየ ማንም የለም። ለሰብሳቢዎች ተብሎ የተሠራ መታሰቢያ ነው። አዲስ ነጻ በወጡ አገሮች ስም እንዲህ ዓይነት ሥራ የተለመደ ነው። ካማረዎት ያኑሩት፣ ግን ከናቅፋዎቹ ጋር አንድ ገጽ ላይ አይደባልቁት።

ከጎንደር፦ «ጠርዙ ዝጓል። በሎሚና በአመድ ልሽው?»

እባክዎ እንዳያደርጉት! እነዚህ ሳንቲሞች ውስጣቸው ብረት፣ ላያቸው ኒኬል ነው። ማግኔት ቢያስጠጉ ይጣበቃሉ። የላዩ ሽፋን ከተፋቀ ዝገቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ አቧራውን ብቻ ያንሱ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻው በወረቀት ጠቅልለው እርጥበት በሌለበት ቦታ ያስቀምጡ። በጣትዎ ፊቱን አይንኩ፣ በጠርዙ ይያዙ። የዛገውንም ቢሆን አይጣሉት፤ የተሻለ እስኪያገኙ ቦታውን ይጠብቅልዎታል።