የማታውን ዳገት ለኩት፦ ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ መዋል

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ የማነሳው ቤት ፍለጋ ሲወጣ ብዙ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያስታውሰውን፣ ከገባ በኋላ ግን በየቀኑ የሚከፍልበትን ነገር ነው፤ መንገዱን። ሥራው ኮምቦልቻ ሆኖ ደሴ ለመኖር የሚያስብ፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ የገጠመው ሰው ከመወሰኑ በፊት ቢሰማኝ ደስ ይለኛል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኪሎ ሜትሩን ብቻ የሰማ ሰው «ይቺማ ምን አላት» ይላል። ከፍታውን ግን አልቆጠረም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ። ጠዋት በሐረጎ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ማታ ያንኑ መልሳችሁ ትወጣላችሁ።

ሰው መንገድ የሚለካው በጠዋቱ ጉዞ ነው። እኔ ደግሞ የሚወስነው ማታው ነው ባይ ነኝ። ጠዋት ቁልቁለት ነው፣ ብርሃን አለ፣ ሰውነትም አልደከመም። ማታ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት 11:30 ላይ ይለቃል፤ በዚያው ሰዓት አካባቢ ከየፋብሪካው የሚወጣውም ሰው መናኸሪያ ላይ ይሰለፋል። አንድ ሚኒባስ ሞልቶ ሲነሳ ቀጣዩ ገና ከደሴ እየወረደ ሊሆን ይችላል። 12:30 ሲሆን እየመሸ ነው። ዳገቱ ላይ የተጫነ ከባድ መኪና በአንደኛ ማርሽ እየተጎተተ ከፊት ከገባ፣ በዚያ መታጠፊያ ቀድሞ ማለፍ ሕይወት ማስያዝ ስለሆነ ከኋላው መጎተት ግድ ነው። ክረምት ላይ ሐረጎን ጉም ሲሸፍነው ደግሞ ጥንቁቅ ሾፌር ይበልጥ ይቀንሳል፤ መቀነሱም ትክክል ነው። ስለዚህ ከመናኸሪያው ሰዎች የምትጠይቁት የመጀመሪያው ጥያቄ «ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ ሲጥል፣ የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ይነሳል?» ይሁን። መልሱ ከሥራ መውጫችሁ ጋር የተጠጋጋ ከሆነ ያ ቤት ለእናንተ አይሆንም፤ ኪራዩ የቱንም ያህል ቢረክስ።

ሰዓቱን ስትቆጥሩ ከበር እስከ በር ቁጠሩ። «አርባ አምስት ደቂቃ ነው» የሚላችሁ ሰው የሚነግራችሁ መኪናው ከተነሳ በኋላ ያለውን ነው። ከቤት እስከ ባጃጅ፣ ባጃጁ፣ መኪናው እስኪሞላ የሚጠበቀው፣ ከዚያ ጉዞው፣ ኮምቦልቻ ደርሶ ደግሞ ሌላ ባጃጅ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ማታ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ቢፈጅ በቀን 3 ሰዓት ከ20 ነው። በ22 የሥራ ቀን 73 ሰዓት ይሆናል። በ8 ሰዓት ሥራ ሲካፈል ከ9 የሥራ ቀን ያልፋል፤ ደመወዝ የሌለው 9 ቀን። ቅዳሜም የምትሠሩ ከሆነ 26 ብላችሁ አስሉት።

ቤቱ ደሴ ውስጥ የት እንደሆነም እዩ። ጢጣ ወይም ቦሩ ሜዳ በከተማው ሰሜን ናቸው፤ የኮምቦልቻው መንገድ ደግሞ በሌላው ጫፍ ይወጣል። ደሴ በተራራ መካከል ተዘርግታ የቀረች ረጅም ከተማ ስለሆነች፣ እዚያ የሚኖር ሰው ሐረጎን ሳይጀምር ከተማዋን ሙሉ ማቋረጥ አለበት።

ገንዘቡ ላይ አልቆይም፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። የቀኑን ታሪፍና የባጃጁን ደምራችሁ በሥራ ቀናችሁ አባዙት። ለምሳሌ በቀን 150 ብር ቢወጣ በ22 ቀን 3,300 ብር ነው። የደሴውና የኮምቦልቻው ቤት የኪራይ ልዩነት 2,000 ከሆነ ርካሹ ቤት ርካሽ አልነበረም ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ አለው ከተባለ ደስ ከመሰኘት በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ኦቨርታይም ስትሠሩ ይጠብቃል? ቅዳሜ ይሠራል? የመጨረሻው ማቆሚያ ከቤታችሁ ስንት ደቂቃ ነው?

የራሳችሁ መኪና ካለ ዋናው ጉዳይ ፍሬን ነው። ቁልቁለቱን በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ፣ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሳ ነዳጅ ያቋርጣል፤ በፎሌ ግን ሳይጠፋ ለመቆየት ያቃጥላል። ከዚያ የከፋው፣ ክብደቱ ሁሉ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ፍሬን ሲግል ሸራው መያዝ ያቅተዋል፤ እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይት ደግሞ ይፈላና ፔዳሉ ይለሰልሳል። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ውረዱ፣ የፍሬን ዘይቱን በ2 ዓመት አንዴ አስቀይሩ። በየቀኑ የሚመላለስ መኪና ሸራ ሜዳ ላይ ከሚሄድ መኪና ቀድሞ ያልቃልና ወጪውን ከአሁኑ መዝግቡት።

ስለ አየሩም ልናገር። ሙቀት በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚለያይ በሁለቱ ከተሞች መካከል 4 ዲግሪ ገደማ ልዩነት አለ። ጠዋት በጃኬት ወጥታችሁ ቀን ትሸከሙታላችሁ፤ ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ትልቁ ወባ ነው። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ ኮምቦልቻ ወባ ያለበት ቀጠና ውስጥ ናት። ትንኟ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ ደሴ የሚያድር ሰው የተሻለ ሲጠበቅ፣ የማታ ፈረቃ የሚሠራው ግን ይጋለጣል። ትኩሳቱ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከንክሻው 10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ ነውና ደሴ ብትታመሙም ለሐኪሙ «ኮምቦልቻ ነው የምሠራው» በሉ፤ ደማችሁ እንዲታይ።

ባልና ሚስት ሥራቸው ለየቅል ከተማ ከሆነ ማን ይመላለስ? ሰዓቱ የማይለዋወጠው ይመላለስ፣ ፈረቃ ያለበት ሥራው አጠገብ ይደር። ልጅ ካለ ደግሞ ከኪራይ በፊት ይህ ይመለስ፦ ትምህርት ቤቱ «ልጁን ትኩሳት ይዞታል» ብሎ ሲደውል በግማሽ ሰዓት የሚደርስ ማን ነው? ሁለቱም ወላጅ ዳገቱ ማዶ ከዋሉ አያት፣ አክስት ወይም የታመነ ጎረቤት ያስፈልጋል።

ውሃም አለ። ውሃው በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚመጣ ተከራዩን እንጂ አከራዩን አትጠይቁ። ቀን ላይ ከሆነ እናንተ ኮምቦልቻ ናችሁ፤ ሮቶ የሌለው ቤት ለተመላላሽ ሰው ማታ ጄሪካን ይዞ መዞር ነው።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መንገዱን ሦስት ቀን ሞክሩት፤ አንዱ ሰኞ ይሁን፣ አንዱ ዝናብ ያለበት፣ አንዱ አምሽታችሁ የወጣችሁበት። የደረሳችሁበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ ውሳኔውንም ከሦስቱ በረዘመው ቀን ላይ አድርጉት። መሐል ያለውን መንገድም አትርሱት፦ ከሥራ ባልደረባ ጋር ኮምቦልቻ አንዲት ክፍል ተጋርቶ ሰኞ ወርዶ ዓርብ መውጣት፣ ዳገቱን በሳምንት ከአምስት ጊዜ ወደ አንድ ያወርደዋል። የዚያችን ክፍል ኪራይ ግማሹን ከትራንስፖርቱ 3,300 ጋር አስተያዩት።