መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ ለምን ይመለሳል? ስኪዞፍሬንያና ዶፓሚን

(ምስል፦ የአንጎል ውስጠኛ ክፍል፣ ስትራያተም በቢጫ ቀለም)

ስኪዞፍሬንያ የተባለው የአእምሮ ሕመም የያዘው ሰው ማንም ሳያናግረው ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ጎረቤት ሲስቅ በእሱ የተሳቀ፣ በር ላይ መኪና ሲቆም እሱን ሊወስዱ የመጡ ይመስለዋል። የዚህ አንዱ መነሻ በአንጎል ጥልቅ ክፍል፣ ስትራያተም በሚባለው ቦታ ነው።

እዚያ የነርቭ ሴሎች ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል ይለቃሉ። ዶፓሚኑ በሴሎች ላይ ያለው፣ ዲ2 የሚባለው ተቀባይ ላይ ሲያርፍ፣ አንጎል “ይህ ነገር አንተን ይመለከታል፣ ልብ በል” የሚል ምልክት ያገኛል። በሕመሙ ጊዜ በብዙ ሕሙማን ላይ ልቀቱ ከልክ ያልፋል፤ ተራው ሳቅና ተራው መኪና ትልቅ ትርጉም ይይዛሉ። ሰውዬው እየዋሸ አይደለም። ተከራክሮ ማሳመን የማይቻለውም ለዚህ ነው።

(ምስል፦ ተቀባዩን የሸፈነ መድኃኒት)

እ.ኤ.አ. በ1952 ፓሪስ ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞቹ ዣን ዴሌይና ፒየር ዴኒከር ክሎርፕሮማዚን የተባለውን መድኃኒት ለሕሙማን ሰጥተው ለውጥ አዩ፤ ለምን እንደሠራ ግን ያኔ አልታወቀም። ክሎርፕሮማዚንም፣ ሃሎፐሪዶልም፣ ሪስፐሪዶንም ዲ2ን ይሸፍናሉ። በሃሎፐሪዶል ላይ በተደረጉ የአንጎል ምስል ጥናቶች፣ ከተቀባዮቹ 65 በመቶ ገደማ ሲሸፈን ሕመሙ መብረድ ይጀምራል። ወደ 80 በመቶ ሲጠጋ ግን እንቅስቃሴን የሚመራው መስመርም ይታፈናል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይገተራል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ሊጣመም፣ ዓይን ወደ ላይ ተሰቅሎ ሊቀር ይችላል። በጣም ያስደነግጣል፤ ግን በመርፌ ቶሎ ስለሚፈታ ወዲያው ጤና ተቋም ይውሰዱት።

መድኃኒቱ ተቀባዩን ሸፈነ እንጂ ልቀቱን አላስቆመም። እንክብሉ ሲቋረጥ ተቀባዩ ይገለጣል፤ ድምፁ ግን በማግስቱ ላይመለስ ይችላል፣ ሳምንታት ወይም ወራት ሊወስድ ይችላል። “ካቆመ ወር ሆነው፣ ይኸው ደህና ነው” ተብሎ ቤተሰብ የሚዘናጋው በዚህ መሃል ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽና ጥርጣሬ ከታዩ ድምፁ እስኪመጣ አይጠብቁ። ጠበል የሚጠመቅም ሰው እንክብሉን ማቋረጥ የለበትም።

ጫትስ? በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይቀራረባል፤ ዶፓሚን እንዲለቀቅ ይገፋል፣ እንቅልፍም ይነሳል። መድኃኒቱ የሸፈነውን ጫቱ ይፈታተነዋል።

የዘር ድርሻም አለ። ነገር ግን ከአንድ እንቁላል ከተፈጠሩ መንትዮች አንዱ ሲታመም፣ ሌላው ከግማሽ በላይ በሚሆነው ጊዜ አይታመምም።

(ምስል፦ የደም ናሙና)

ዶፓሚን ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም። ዝምታን፣ ለምንም ነገር ፍላጎት ማጣትን እነዚህ መድኃኒቶች እምብዛም አያሻሽሉም። ክሎዛፒን ደግሞ ዲ2ን የሚይዘው ላላ አድርጎ ሆኖ ሳለ፣ ሁለት መድኃኒት በበቂ መጠንና ለሳምንታት ተሞክሮላቸው ያልተሻላቸውን ብዙዎች ይረዳል። ነጭ የደም ሴልን ክፉኛ ሊያወርድ ስለሚችል ግን ያለ ደም ምርመራ አይሰጥም፤ የሚወስደው ሰው ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከጀመረው በዚያው ቀን ደሙ ይታይ።